ዲያቆን የነበሩ ቅድመ አያታችሁን ስትፈልጉ

«ቅድመ አያትህ ዲያቆን ነበሩ፤ ሚስታቸው ልጆች ጥላባቸው ሞተች፤ ከዚያ ወዲያ ክፉ ቀን መጣ።» በብዙ የጎጃም ቤተሰብ ዘንድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈው ወሬ ይህን ያህል ነው። እኔም በእናቴ ወገን የጀመርኩት ከዚህ ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ፍለጋ ላይ ያላችሁ በከንቱ እንዳትደክሙ ብዬ ነው። የገጠር ዲያቆን ስለ ራሱ ጽፎ ያስቀመጠው ነገር አታገኙም። ስሙ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ከእሱ በሚፈልገው ግዴታና ልጆቹ በተካፈሉት ርስት ነው። ስለዚህ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» የሚለውን ወደ ኋላ አቆዩት። መጀመሪያ «ሰሞኑን (የሳምንቱን የአገልግሎት ተራ) ማን ይዞ ነበር? መሬቱን ማን አረሰ? ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እህሉን ማን ፈጨ?» ብላችሁ ጠይቁ። በእነዚህ ጥያቄዎች ያልተመለሰልኝ ነገር ጥቂት ነው።

የምናገረው ስለ ጎጃም ነው። በጌምድርና ሸዋ በአገልግሎቱ ቢመሳሰሉም በመሬት ሥርዓት ሊለዩ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። በጎጃም ዘር መቁጠር ለዘመናት መሬት መጠየቂያ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይወርዳል፤ እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ የደረሰ ሰው ድርሻ አለኝ ሊል ይችል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ደብተር ይዞ ከከተማ የመጣ እንግዳ «እገሌ የማን ልጅ ነው?» ሲል ሽማግሌው ዛሬም ደንገጥ ይላል። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሐረጉን ሆን ብሎ ያሳጥረዋል። መፍትሔው በአካባቢው የታወቀ ዘመድ ይዞ መሄድ፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ ለአለቃው ወይም ለቄሰ ገበዙ ጉዳዩን መንገር፣ «መሬት አልጠይቅም፤ ስማቸውን ለልጆቼ ላስቀምጥ ነው» ማለት ነው። ጧፍና ዕጣን ይዞ መሄድ ወግ ነው፤ ገንዘብ አስቀድሞ ማውጣት ግን ወሬውን ያበላሸዋል፤ ሰው የምትፈልጉትን እየገመተ መናገር ይጀምራልና። ጊዜው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ይሻላል። በክረምት መንገዱም ሰዉም አይገኝም።

ወንዶችንና ሴቶችን ለየብቻ ጠይቁ። ወንድ ሽማግሌዎች ሐረግ ይቆጥራሉ፤ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ተሾመ የሚለውን ያውቃሉ። የቤቱን ነገር፣ ማን ማንን አሳደገ፣ ማን ከማን ቤት ኖረ የሚለውን የሚያውቁት እማማዎቹ ናቸው። ሚስቱ ስለሞተችበት ሰው ለሚጠይቅ ደግሞ ይህኛው ወሬ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሰውየው። «ዲያቆን ነበሩ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያየ ሕይወት ሊሸፍን ይችላል። አንደኛው በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ፣ አድጎ በሰማንያ (በሽማግሌ ፊት በውል ብቻ) አግብቶ ከመቅደስ የወጣ ገበሬ ነው፤ አገልግሎቱ ጥቂት ዓመት ቢሆንም ስሙ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ሁለተኛው በቁርባን (ከሚስቱ ጋር ቆርቦ) አግብቶ በድቁናው የቀጠለ፣ ምናልባትም ኋላ የቀሰሰ ነው። ሦስተኛው ከመቅደስ ወጥቶ በቅኔ ማሕሌቱ የቀረ ደብተራ ነው። ልዩነቱን የምታገኙት በእርጅናው በተጠራበት ስም ነው። «ቄስ» ከተባለ መቅደስ ገብቶ ቀድሷል። «መሪጌታ» ወይም «ግራጌታ» ከተባለ ዜማ ወይም ቅኔ አዋቂ ነበር፤ መቅደስ መግባቱን ግን ስሙ አይነግራችሁም። «አባ» ከተባለ ደግሞ መንኩሶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ስሙም ስለሚለወጥ በዓለም ስሙ ብቻ ስትፈልጉት ትስቱታላችሁ። ስለዚህ ሦስቱንም ስም ጠይቁ፤ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ካለም የምንኵስና ስም። በመጻሕፍት ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የክርስትና ስሙን ነው። ገብረ ማርያምና ወልደ ሚካኤል ደግሞ በየመንደሩ ብዙ ናቸውና የሚስቱ ወይም የአባቱ ስም አብሮ ካልተጻፈ «አገኘሁት» አትበሉ።

ድቁናውን መቼ ተቀበለ? እዚህ ላይ ታሪኩ ራሱ ያግዛችኋል። ያን ጊዜ ክህነት የሚሰጠው ከግብፅ የሚመጣው ጳጳስ ብቻ ነበር፤ አገሪቱም አብዛኛውን ጊዜ የነበራት አንድ ጳጳስ ነው። አንዳንዴ አንዱ ሞቶ ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። ጳጳስ ሲገኝም ገና ዳዊት ያልደገመ ሕፃን ሳይቀር ድቁና የሚቀበለው ስለዚህ ነው፤ ወላጅ ዕድሉ እንዳያመልጠው ይፈራል። አቡነ ሰላማ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ገቡ፤ በመጨረሻ ዘመናቸው መቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. አረፉ። አቡነ አትናቴዎስ በ1861 መጥተው በ1868 አረፉ። ከዚያ እስከ 1874 ዓ.ም. ድረስ መንበሩ ባዶ ነበር። በ1874 ዐፄ ዮሐንስ አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ፤ ከእነሱም አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተመደቡ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «በ1871 ድቁና ተቀበሉ» ካለ ዓመቱን መልሳችሁ መርምሩ። «ጎንደር ሄደው ተቀበሉ» ከተባለም ከአቡነ ሉቃስ በፊት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የጎጃም ልጅ ጎንደር ድረስ የሚሄድበት ምክንያት ቀንሷል።

ኑሮውን ለመረዳት ቅዳሴን ከመሬት ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ይህ ቁጥር ይበቃል ብለው በ1852 ዓ.ም. የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን መሬት መውሰዳቸው ከካህናቱ ጋር ያጣላቸው ዋናው ነገር ነው። በአንድ የገጠር ደብር ስድስት ዲያቆናት ቢኖሩ ሰሞኑ በየሁለት ሳምንቱ ይደርሳል። ሰሞነኛው ሳምንቱን ንጽሕናውን ጠብቆ ቤተ ክርስቲያን ያድራል። ስንዴውን ለቅሞ፣ አቡክቶ ኅብስቱን በቤተልሔም (በቤተ ክርስቲያኑ የኅብስት ቤት) ይጋግራል፤ ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆና አጥልሎ ያዘጋጃል፤ ዕጣኑንና መብራቱን ይይዛል። የሚቆርብ ሰው ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት መጾም አለበት። በጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በየቀኑ ይቀደሳል፤ ያ ደግሞ የጤፍ አረም የሚነቀልበት ወቅት ነው። በዚያ ሁለት ሳምንት ማሳው የሚጠፋው የማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በዚህ ምክንያት ብዙ አገልጋይ መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወይም ወንድሙ ያርስለታል። «ማን አረሰላቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚመጣው ስም ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም የሚስት ወንድም ነው፤ ከዚያ አንድ የሐረግ ቅርንጫፍ ይከፈትላችኋል።

መሬቱ የተያዘው በአገልግሎት ነው። የድቁና መሬት የያዘ ሰው ማገልገል ቢያቅተው መሬቱ ወዲያው አይነጠቅም፤ ግን በእሱ ምትክ የሚቆም ወኪል ቀጥሮ መክፈል ወይም ልጁን ማድረስ አለበት። አንድ ወንድ ልጅ ከእናቱ ሞት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤት ገብቶ ድቁና ከተቀበለ፣ «ለሃይማኖት ካለው ፍቅር» የሚለውን የቤተሰብ ወሬ አታጣጥሉት፤ መሬቱም ሰው ይፈልግ እንደነበር ግን አስታውሱ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። በቁርባን ያገባ ዲያቆን ሚስቱ ከሞተች ሁለተኛ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ምርጫው ሦስት ነበር። ሳያገባ ማገልገል አለ፤ መመንኮስ አለ፤ አግብቶ ከመቅደስ ወጥቶ፣ ዜማ ካወቀ ደብተራ ሆኖ መኖር አለ። ሦስቱም ለልጆቹ የተለያየ ነገር ያስከትላሉ፤ ፍለጋችሁን የሚያስተካክለውም የትኛውን እንደመረጠ ማወቅ ነው።

ሳያገባ ከቀረ ቤቱን የያዘች ሴት አለች፤ ፈልጓት። እህል በእጅ ወፍጮ የሚፈጭ፣ እንጀራ የሚጋገር፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ጥጥ የሚፈተል በሴት ነው። የሚገርመው ይህ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ኅብስት የሚጋግር እጅ በራሱ ቤት ምጣድ ላይ ቢታይ ያሳፍር ነበር። ስለዚህ ወይ እናቱ መጥታ ትኖራለች፣ ወይ ባሏን የፈታች እህቱ፣ ወይ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ገና ሳታድግ ወፍጮው ላይ ትቀመጣለች። በዚያ ዘመን ገረድና ባሪያ የነበረበት ቤትም አለ፤ ሽማግሌዎች ይህን በግልጽ አይናገሩትም፤ «የቤት ሰው» ሲሉ ቆም ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የታላቋ ሴት ልጅ ስም በወንዶቹ ቆጠራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ታናናሾቿን ያሳደገች እሷ ከሆነች ግን የእነሱ የልጅ ልጆች «እማዬ» እያሉ ሲጠሯት ታገኛላችሁ፤ እናት ይመስላችኋል፤ እህት ናት። አንድ ትውልድ የሚጨመርበት ወይም የሚጠፋበት ቦታ እዚህ ነው።

ከመነኮሰ ልጆቹ ተበታትነዋል። ብዙዎቹ በእናታቸው ወገን፣ በአያታቸው ወይም በአጎታቸው ቤት ያድጋሉ። በሌላ ደብር ስም ሲጠሩ ብታገኙ አትደነቁ። ሁለተኛ ካገባ ደግሞ የልጆቹን እናት ለይታችሁ ጻፉ፤ አንዱ ከፍተኛ ጥቅም ያለው ነገር ይህ ነው። የእናት ርስት ለልጆቿ ይወርዳል እንጂ ለባሏ አይተርፍም። አባት በአደራ ያስተዳድረዋል፤ የሟች ወንድሞች ደግሞ ይጠባበቃሉ። አባት አዲስ ሚስት ሲያመጣ ጠቡ የሚነሣው ከዚህ ነው። የጠቡን ወሬ እንደ ሐሜት አትቁጠሩት። የቅድመ አያታችሁ ሚስት ስም በሌላ ቦታ ሁሉ ጠፍቶ በዚያ ክርክር ውስጥ ብቻ የቆየ ሊሆን ይችላል። «በእናታቸው በኩል የት ነበር የሚካፈሉት?» የሚለው ጥያቄ የትውልድ መንደሯን ያወጣል፤ ከዚያ የአባቷን ስም፣ ከዚያም ቤተ ክርስቲያኗን።

የሞተችበትን ዓመት ስትጠይቁ ተዝካሩን ጠይቁ። ሰው ሞቱን ይረሳል፤ ድግሱን ግን ያስታውሳል። በሳልስት፣ በሰባት፣ በሠላሳ የሚደረገው ጸሎት ነው፤ አርባው ግን እህል፣ ከብትና ብዙ ሰው ይፈልጋል። ለአርባው መሬት ተይዞ እህል የተበደረበት ቤት ብዙ ነው። «አርባው አልወጣላትም» ከተባለ ዘመኑ ክፉ እንደነበር ፍንጭ ነው።

ክፉ ቀን ስንል ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። የከብት በሽታ በጣሊያኖች ከብት በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን ጨረሰ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ጎጃም ላይ ሌላም ተደረበ። በጥር 1880 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውሃ በደርቡሽ (በሱዳን ማህዲስቶች) ተሸነፉ፣ ጎንደርም ተቃጠለ። በ1881 መጀመሪያ ደግሞ የዐፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን ዘረፈ። ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። ሽማግሌዎች ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የሞተውን ሁሉ ወደዚህ ዘመን ይከምሩታል። በወሊድ የሞተች ሴት ሁሉ «በክፉ ቀን ሞተች» ትባላለች። ስለዚህ ከሌላ ነገር ጋር አስተያዩት። ልጆቿ ዐድዋ ዘምተዋል? በ1888 ጦር የሚይዝ ልጅ የነበራት ሴት ከክፉ ቀን በጣም ቀድማ ወልዳለች። ታናሹ ልጅ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሞት፣ በ1893፣ ሕፃን ነበር? እንግዲያው እናቱ በክፉ ቀን አልሞተችም።

ዓመቱ የተጠራበት የወንጌላዊ ስም ከተገኘ ደግሞ ትልቅ ነገር አገኛችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ። 1881 ላይ 5500 ሲደመር 7381 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1845 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ማቴዎስ። ዕለቱን ከፈለጋችሁ 7381 እና 1845 ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ፤ 1 ሲተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ 2 ሲተርፍ ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ሳይተርፍ ሰኞ ነው። 1881 ሰኞ ገብቷል። «በዘመነ ሉቃስ፣ የኅዳር ሚካኤል እሑድ በዋለበት ዓመት» የሚል ወሬ በዚህ ስሌት ወደ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይጠባል።

ወደ ፈረንጅ ቀን ስትለውጡ አንድ ስሕተት ይደጋገማል። ከ1800 እስከ 1899 እ.ኤ.አ. የእኛ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ቀን ነው፤ ከሉቃስ ጳጉሜን 6 በኋላ 11። ዛሬ የምናውቀው 11 እና 12 ለዚያ ዘመን አይሠራም። የዐድዋ ድል ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ማርች 1 ቀን 1896 የሆነው፣ ዛሬ ግን በዓሉን ማርች 2 የምናከብረው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ መጻሕፍቱ። በገጠር ቤተ ክርስቲያን ሰነድ የሚጻፈው በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ (የገጽ ዳር) ላይ ነው፤ በተለይ በአራቱ ወንጌል መጀመሪያና መጨረሻ። መሬት የሰጠ፣ የሸጠ፣ የተናዘዘ፣ ምስክር የሆነ እዚያ ይገኛል። ዲያቆናት በምስክርነት ይገባሉ፤ ፍለጋችሁ የሚሳካው ምናልባት በምስክሮቹ ዝርዝር ውስጥ ነው። ተአምረ ማርያምን ደግሞ በየተአምሩ መጨረሻ ያለውን ጸሎት እዩ፤ የባለ መጽሐፉ ስም ይገባበታል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ተፍቆ የሌላ ስም ይጻፍበታል። የተፋቀውን ቦታ በጎን በሚገባ ብርሃን ፎቶ አንሡት፤ አንዳንዴ የቀድሞው ስም ይነበባል።

መጽሐፉን ራሳችሁ አትግለጡ። ካህኑ ከዕቃ ቤት አውጥቶ ይገልጥላችሁ፤ ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ጀርባውን እንዳይሰብረው ከሥሩ ሁለት ጎን የተጠቀለለ ጋቢ ይደረግ። ፍላሽ አጥፉ፤ በደጀ ሰላሙ ጥላ ውስጥ የጠዋት ብርሃን ይበቃል። መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ቀጥሎ የጽሑፉን ገጽ ሙሉውን፣ ከዚያ ኅዳጉን ቀርባችሁ አንሡ። ኅዳጉን ብቻ ያነሣ ሰው ቤቱ ሲደርስ የትኛው መጽሐፍ እንደነበር ይጠፋበታል።

መሄድ ለማትችሉ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ፣ ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ የአገር ቤት ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂያቸው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየም አለ፤ ብዙው ተመዝግቦ በኢንተርኔት ይታያል። ሁሉም ደብር አልተነሣም። ካታሎጉን ስትፈልጉ በደብሩ ስም ብቻ አትወሰኑ፤ መጽሐፍ ከደብር ደብር ይዞራልና በወረዳውም በጎረቤት ደብሮችም ፈልጉ። ኅዳጉ ላይ ያለው አማርኛ በካታሎጉ ውስጥ አጭር መግለጫ ብቻ ሊኖረው ስለሚችል ምስሉን ራሳችሁ ገልጣችሁ እዩ።

ያገኛችሁትን ስትጽፉ ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ ከየት እንደመጣ አስቀምጡ፤ «እማማ እገሊት፣ የሟች የልጅ ልጅ፣ ከእናታቸው የሰሙ» ወይም «ከወንጌሉ መጨረሻ ገጽ»። ሁለት ወሬ ካልተስማማ ሁለቱንም ጻፉ፤ የተሻለውን መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ። ከተቻለም አንድ ቅጂ አትማችሁ ለደብሩ አለቃ ስጡ፤ በቀጣዩ ጥር ስትመለሱ የተሳሳተውን የሚያርሟችሁ ሰዎች ያን ጊዜ ራሳቸው ይመጣሉ።